የእኔ ኮረብታና የኢብሮ ፍየሎች

ሰኔ 6 ቀን 1978

ማሽላ ስኮተኩት ዋልኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ሌላ ምንም የለም።

ግን ይህን ራሴ ጻፍኩት! በገዛ እጄ! የማታ ትምህርቱን ጨርሼ ወረቀት ከተቀበልኩ ገና ሳምንቴ ነው። ወረቀቱን ከምሰሶው ላይ ሰቅዬዋለሁ። እንግዳ ሲገባ ግንባሩን እንዲመታው ብዬ ዝቅ አድርጌ ነው የሰቀልኩት። ካልመታው እንዴት ያየዋል?

ደብተሩን ግን ከጎተራው ኋላ እደብቃለሁ። ሚስቴ አሰገደችም አብራኝ ተምራለች። ሚስት ማንበብ ከቻለች ወዲህ አገሩ አያስተማምንም... በፈተናው በልጣሃለች ይሉኛል። ይላሉ እንግዲህ። የእሷ ወረቀት ሣጥን ውስጥ ነው። ማን አየው?

ሰኔ 11

ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ከኮረብታው ጎርፍ ወርዶ የማሳዬን ጫፍ ጠረገው። አምና የማሽላዬን እኩሌታ ወስዶብኛል። ዘንድሮ ከአሁኑ ከጀመረ ነሐሴ ሲገባ ምን ሊተርፈኝ ነው?

ኮረብታው መላጣ ሆኗል። በድርቁ ጊዜ ዛፉ ሁሉ ከሰል ሆኖ ጀውሃ መንገድ ዳር ተሸጦ አለቀ። የቀሩት ጥቂት ግራሮች ናቸው፤ እንደ ሽማግሌ ጥርስ አንድ እዚህ አንድ እዚያ። በመሀላቸው የኢብሮ ፍየሎች ይርመሰመሳሉ።

"ኢብሮ፣ ኮረብታውን የላጩት ፍየሎችህ ናቸው" አልኩት።

"ወላሂ ፍየሎቼ ምላጭ የላቸውም። ቢኖራቸው ያንተን ጢም ነበር መጀመሪያ የሚላጩት።"

ጢሜ ምን አደረገው? ከጀውሃ እስከ ሸዋ ሮቢት እንደሱ ያለ ጢም የለም።

ኢብሮ ጎረቤቴ ነው። አብረን ነው ያደግነው። ድርቁ ከመንጋው ያስቀረለት ጥቂት ፍየል ነው፤ የልጆቹ ወተትም ልብስም እነሱ ናቸው። በክረምት ቆላው ሁሉ እህል ስለሆነ ከኮረብታው በቀር መሰማሪያ የላቸውም። ይህን አውቃለሁ... የኔስ ማሽላ?

ሰኔ 20

ሾላው ሥር ስብሰባ ነበር። የልማት ሠራተኛው ንጉሤ ከከተማ መጣ። ሥዕል ግንዱ ላይ ሰቀለ። የአየር ጠባይ ተዛብቷል አለ። በረሃው ከአፋር በኩል ወደኛ እየገሰገሰ ነው አለ።

"በቀን ምን ያህል ይሄዳል?" ብዬ ጠየቅሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሌላ ሰው አይመጣለትም። ንጉሤ ራሱ ጎሮሮውን ጠርጎ ወደ ሥዕሉ ዞረ።

"ዛፍ ስለተቆረጠ ዝናብ ራቀ" አለ። "ዛፍ ከተተከለ ይመለሳል።"

እትዬ ጌጤ ከኋላ፣ "እንዴ ልጄ፣ ዝናቡ አኩርፎ ነው እንዴ የሄደው?" አሉ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ጎርፉ እየታየኝ ነበር። ኮረብታው ዛፍ ከለበሰ ማሳዬ ይተርፋል... ዝናቡም በጄ ይገባል። ቀላል ነገር ነው?

የሚተክል ሁሉ ስንዴና ዘይት ይሰፈርለታል ሲባል ደግሞ አገሩ በአንድ ጊዜ ዛፍ ወዳድ ሆነ።

ሊቀመንበራችን ጓድ ዓለሙ "የችግኝ ኃላፊ እንምረጥ፤ ማንበብ የሚችል..." ብሎ ሳይጨርስ ብድግ አልኩ። አሰገደችም እጇን አንሥታ ነበር። አላዩዋትም። ከፊቷ ስለቆምኩ ይሆን?

ቀጥሎ ኮረብታው ለፍየል ይዘጋ ተባለ። ኢብሮ ተነሣ።

"ፍየሎቼን የት ላሰማራ? ጣሪያዬ ላይ?"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"በላይ፣ አንተ የምትተክለው ይጸድቃል?"

"እኔ? ዱላ ብተክል ቅጠል ያወጣል!"

"እንግዲያው እንወራረድ። እስከ ጥምቀት ፍየሎቼን አርቃለሁ። ያን ጊዜ ችግኝህ ለምልሞ ካገኘነው ኮረብታውን ለዘላለም ተውኩልህ። ደርቆ ካገኘነው ኮረብታው ለፍየሎቼ ይመለሳል፣ አንተም እስከ ፋሲካ እረኛቸው ትሆናለህ።"

ሰዉ አጨበጨበ። ጓድ ዓለሙም "ይሁን" አለ። እኔም "ይሁን!" አልኩ። ምን እላለሁ ሌላ?

ሐምሌ 9

ተከልን! ችግኙ በጭነት መኪና ከደጋ መጣ። ባሕር ዛፍ ነው። ሲወርድ ቅጠሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሙቀታችንን ሲያይ ደነገጠ መሰለኝ።

ስንዴው በተተከለው ልክ ስለሆነ ሰው እሽቅድምድም ያዘ። አንዳንዱ ከነላስቲኩ እየቀበረ ያልፋል። እኔ አይቼ እንዳላየሁ... ሁሉን ማየት እችላለሁ እንዴ?

ትልቁ ሐሳብ ግን የመጣው ከኔ ነው። ችግኙ ከፍየል መጠበቅ አለበት። በምን? በእሾህ አጥር። እሾህ ከየት? ከግራር። ግራር የት አለ? እዚያው ኮረብታው ላይ! ስለዚህ ግራሮቹን ሁሉ ቆርጠን ተከላውን ዙሪያውን አጠርነው። ማጓጓዣ እንኳ አላስፈለገም። ብልህ ነህ በሉኝ እንጂ።

አሰገደች ቆማ አየችኝ።

"ዛፉን ከምን ልትጠብቀው ነው ዛፍ የምትቆርጠው?"

"ከፍየል።"

"ፍየሉ እንኳ ሥሩ ድረስ አልቆረጠውም እኮ።"

ሴት ነገር ታወሳስባለች።

ሐምሌ 10

ዘነበ!!! በተከልኩ ማግሥት! ከበረንዳዬ ሆኜ "ኢብሮ! አየህ?" ብዬ ጮህኩ።

"ሐምሌ ነው እኮ!" ብሎ መለሰልኝ።

"አምናስ ሐምሌ አልነበረም?"

"አምናም ዘንቧል።"

"ካቻምናስ?"

ዝም አለ። ካቻምና ድርቁ ነበር። ማሸነፌ ነው መቼም... ግን ዝምታው ደስ አላለኝም።

ቆየት ብሎ፣ "ለደብረ ሲናም ዘንቧል አሉ። እሱንም ያዘነብከው አንተ ነህ?" አለ።

"ፍንጣሪው ነው" አልኩት።

ነሐሴ 14

ጎርፉ አምና ከነበረው ባሰ። ለምን ባሰ? ያን ሁሉ ተክለን?

የታችኛው ማሳዬ ሄደ። በምትኩ ጎርፉ ችግኞች ከነላስቲካቸው አምጥቶ ጭቃው ላይ አቁሞልኛል። ቀጥ ብለው ቆመዋል። ጓድ ዓለሙ አይቶ "እዚህም ተክለሃል? ጎበዝ!" ብሎኝ አለፈ። 

የኢብሮ ሚስት ሐቢባን መንገድ ላይ አገኘኋት። ከወንዝ ዳር ሣር አጭዳ በጀርባዋ ተሸክማ ትወጣለች። ፍየሎቹ ከጓሮ ታስረው ነው የሚከርሙት።

"እንዴት ነሽ ሐቢባ?"

"አልሐምዱሊላህ። ፍየል ሆኛለሁ" አለችኝ። አልሳቀችም። እኔም የምመልሰው ቀልድ አጣሁ። እኔ! ቀልድ!

መስከረም 19 ቀን 1979

መስቀል በደህና አለፈ። ከአጥሩ ውስጥ ያሉት ችግኞች አረንጓዴ ናቸው። በኢብሮ ደጅ እየዘፈንኩ አለፍኩ።

ጥቅምት 3

ደብተሬ ተነክቷል! ከሰኔ 20 ጽሑፌ ጎን፣ ከፊቷ ቆሜ እጇ አልታየም ካልኩበት ላይ፣ በሚያምር ፊደል "አይቻለሁ" የሚል ተጽፎበታል።

ያማረ ፊደል ነው... የት ልደብቀው ከእንግዲህ?

ኅዳር 24

ፀሐይዋ ኮረብታውን ትጠብሰዋለች። ችግኞቹ እንደ ደጋ ሰው ናቸው፤ ገና ረፋዱ ላይ አንገታቸውን ይደፋሉ። ጠዋት ጠዋት በአህያ ከወንዙ ውሃ አመላልስላቸዋለሁ።

አሰገደች ከበር ቆማ፣ "ለኔ በዘመንህ አንዲት እንስራ ቀድተህልኝ ታውቃለህ?" አለች።

"አንቺ አትጠወልጊም" አልኳት።

እንዲህ ያለ ውብ ነገር ተናግሬ ራት አጣሁ።

ታኅሣሥ 27

ደረቁ። ሁሉም። አንዷ ብቻ ቅጠል ቀርቶላት ነበር፤ ስነካት ወደቀ።

ንጉሤን ከተማ ሄጄ ነገርኩት። "ለዚህ ቆላ የሚስማማ አልነበረም። እኔም የተላከልኝን ነው ያመጣሁት" አለ። አሳዘነኝ። እሱም ጥምቀት የሚመጣበት ሰው ነው ለካ።

ጥር 10

ነገ ሰው ይሰበሰባል። ግን በላይ እንዲህ በቀላሉ አይሸነፍም! ዛሬ ቀኑን ሙሉ ቅንጭብ እየቆረጥኩ በየደረቀው ችግኝ ቦታ ስሰካ ዋልኩ። ቅንጭብ ፀሐይ አይፈራም። ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ ነው። ዋናው እሱ አይደለም?

ጥር 12

ከሩቅ ያየ ሁሉ አጨበጨበ። እልልም ተባለ። ኢብሮ ግን ተንደርድሮ ወጥቶ አንዱን ቀነጠሰ። ነጩ ወተት ጠብ፣ ጠብ...

"በላይ፣ ባሕር ዛፍህ ታልቧል እንዴ?"

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍም። እትዬ ጌጤ ሳቅ ገደላቸው፤ ሰው ደግፎ ወሰዳቸው። ይህን ያህል በቂ ነው።

ነገ እረኛ ነኝ። የተማረ እረኛ።

ጥር 20

ፍየል መጠበቅ ስብሰባ ከመምራት ይከብዳል። ሁሉም በየፊናው ይበተናል። የሚያዳምጡት አንዱን አውራ ብቻ ነው። ቀንዱ ጥምዝ፣ ጢሙ... እውነቱን ልጻፍ፣ ጢሙ ከኔ ይበልጣል። ኢብሮ "ሻምበል" ይለዋል።

"በስመ አብ! ለምን ሻምበል አልከው?"

"እሱ ማንንም አይሰማም፣ ሁሉም ግን ይከተለዋል።"

ግራ ቀኝ አየሁ። ዛፍ እንኳ የለም የሚሰማን። "ይህን ስም ከኮረብታው ማዶ እንዳታወጣው" አልኩት።

የካቲት 8

ሣር የለም። ኢብሮ ያሳየኝን ዘዴ ያዝኩ፤ ወንዙ ዳር ከቀሩት ግራሮች ሥር ሄጄ በረጅም ቆልማማ እንጨት ፍሬውን አራግፍላቸዋለሁ። እንደ ቆሎ ነው የሚቆረጥሙት፤ ኩርም ኩርም። ሻምበል ራሴ ላይ የወደቀውን ሳይቀር ከፀጉሬ ለቀመው።

ሲመሽ ወደ ኢብሮ በረት መንዳት ሩቅ ሆነብኝ። ኮረብታው ላይ ያ ግሩም አጥሬ ባዶውን ተቀምጧል። ከሚባክን ብዬ እዚያ አሳደርኳቸው። የችግኜ መሬት የፍየል መኝታ ሆነ። በጠጠራቸው ተሞላ። ንጉሤ ቢያይ ያለቅሳል።

ሐቢባ ወተት ላከችልኝ። ጨዋ ናት። ባሏ ግን "የባሕር ዛፍ ወተት ነው በሉት" ብሎ ላከብኝ።

ሚያዝያ 13

ፋሲካ አለፈ፤ ነፃ ወጣሁ! የበልጉ ዝናብም ጥሩ ጥሏል። (እኔ ምንም አልተከልኩም። እንግዲህ ማን አዘነበው?)

ኢብሮ አዲስ ሣር ስለበቀለ ፍየሎቹን ወደ ኮረብታው ማዶ አሻገራቸው። አጥሩን በእሾህ ዘግቼ ወጣሁ። ሻምበል ዞር ብሎ አየኝ። የናፍቆት ነው ወይስ የንቀት? ፍየል ዓይኑ አይነበብም። ፊደል የቆጠርኩት እንኳ አላነበብኩትም።

ሰኔ 17

ዛሬ አጥሩን ለማገዶ ላፈርስ ወጣሁ። መዝጊያውን ስከፍት...

ቆምኩ።

አረንጓዴ። ዳር እስከ ዳር። የጎመን ዘር የተበተነበት ነው የሚመስለው። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ትንንሽ ግራር ነው! እሾሁ ገና እንደ ሕፃን ጥርስ እያወጣ። ቆረጥናቸው ያልናቸው ግራሮችም ከየጉቶአቸው አቆጥቁጠዋል። ማን ተከለው? እኔ አይደለሁም፤ ብተክለው ኖሮ አገር ይሰማ ነበር።

አንዷን ነቀልኩ። ሥሯ በፍየል ጠጠር ውስጥ አልፎ ወርዷል። ያ በየካቲት ያራገፍኩላቸው ፍሬ!

ሮጬ ኢብሮን ጠራሁት። አፉን ከፍቶ ቆመ። ጠጠሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ጠጠሩን አየ። ከዚያ ጋቢውን አስተካከለና፣

"እኔ ነኝ ያዘዝኳቸው" አለ።

"አንተ? አሁን አይደለም እንዴ አፍህን የከፈትከው?"

"ደስ ብሎኝ ነው።"

"ፍሬውን ያራገፍኩት እኔ! ያሳደርኳቸው እኔ! አጥሩ የኔ!"

"ሆዱ ግን የፍየሎቼ ነው!"

እንደዚህ ስንጨቃጨቅ አሰገደች ውሃ ልትቀዳ ስታልፍ ሰማችን። እንስራዋን አውርዳ ገብታ አየች።

"ተዉ፣ ሁለታችሁም ተዉ" አለች። "ይህን የተከለው የሻምበል ቂጥ ነው።"

ነሐሴ 9

የሚመጣው ቀን መጣ።

ኮረብታው አረንጓዴ ነው ተብሎ ወሬው ከተማ ደርሶ ኖሯል። ንጉሤ እንግዶች ይዞ መጣ። ከመካከላቸው አንዱ ካኪ የለበሰ፣ እውነተኛ ሻምበል ነው። ጓድ ዓለሙ ከአጥሩ ፊት አቆማቸውና፣ "ይህ ሁሉ ባለፈው ዓመት በዘመቻ የተተከለ ነው" አለ። "ከእንግዲህ ኮረብታው እስከ ጫፉ ይዘጋል። ፍየል የሚባል ለዘላለም አይደርስበትም።"

ኢብሮ ከኋላ ቆሟል። ሐቢባ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ደግሞ ሣር በጀርባዋ ልትሸከም ነው? ስንት ክረምት?

"ኃላፊው በላይ ይናገር!" ተባለ። ጭብጨባ። ዕድሜዬን በሙሉ የጠበቅሁት ጭብጨባ! ጢሜን ጠመዘዝኩ። "አዎ እኔ ነኝ" ማለት ብቻ ነው። ከዚያ ፎቶ ያነሱኛል... አንዱ ፎቶ ማንሻ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር፣ አይቼዋለሁ።

አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን፣

"የተከሉት ፍየሎቹ ናቸው" የሚል ነው።

ሰው በሳቅ ፈነዳ። እንግዶቹም ሳቁ። "ቀልደኛ ገበሬ ነው!" አለ ባለ ፎቶው።

"በእውነት ነው የምላችሁ! የኛ ችግኝ ደርቋል!"

ሳቁ ጨመረ። ዕድሜዬን ሙሉ የዋሸሁትን አምነው፣ አንድ ቀን እውነት ብናገር ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ! ላቤ ወረደ።

በዚያው ሰዓት ሳቁ ስቦት ይሁን ምን፣ ያ አውራ ፍየል ከማዶ ዘሎ መጥቶ አጥሩ ጫፍ ላይ ወጣ። ኢብሮ ደንግጦ፣

"ሻምበል! ውረድ! አንተ ከንቱ፣ ውረድ እላለሁ!"

ሳቁ ቀጥ አለ። ባለ ካኪው ቀስ ብሎ ዞረ። ኢብሮ አመድ መሰለ። ጓድ ዓለሙ ሰማዩን ማየት ጀመረ። እኔም ጫማዬን።

አሰገደች ናት ያዳነችን። ወደ ፊት ራመድ አለችና፣ "ጌታዬ፣ ከፊት ሆኖ ስለሚመራ ነው ስሙን ያወጡለት። ሌሎቹ እሱ ያልረገጠውን አይረግጡም" አለች።

ሻምበሉ ፍየሉን አየ። ፍየሉም ሻምበሉን አየ። ሁለቱም ጥቂት ቆዩ... "ጢሙ ያስከብረዋል" አለ ሻምበሉ፣ ፈገግ ብሎ። ሁላችንም ተነፈስን።

አሰገደች ጊዜ አላጠፋችም። አንዲት ችግኝ ከነሥሯ ነቅላ ለንጉሤ ሰጠችው። "ጠጠሯን ፈርክሳት" አለችው። ንጉሤ ተቀምጦ ፈረከሳት።  አንድ ሌላ ነቀለ። ያንንም ፈረከሰ።

"እውነቱን ነው" አለ በመጨረሻ። የሳቀው ሁሉ ጠጠሩን ለማየት ተጋፋ።

ከዚያ ተመካከሩ። ክረምት ችግኙ ትንሽ ሲሆን አጥሩ ይዘጋ፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው የኮረብታ ሣር ለኢብሮ ፍየሎች ይሁን፤ በጋ ሲሆን ፍየሎቹ ሌላ ሌላ ቦታ አጥር እየተሠራላቸው ይደሩ። "እስቲ ለዘንድሮ ሞክሩት" አሉ። ሐቢባ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

ሲሄዱ ንጉሤ ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣ "በሪፖርቱ ላይ ፍየል ብዬ መጻፍ አልችልም። 'የአካባቢ ዘዴ' እለዋለሁ" አለኝ።

ፎቶ አንሥተዋል። የሻምበልን። የቱን ሻምበል? ፍየሉን ነዋ።

ሐምሌ 3 ቀን 1980

ትናንት ስብሰባ ነበር። የኮረብታው ኃላፊ ሲመረጥ አሰገደች ከኋላዬ እጇን አነሣች። እኔ ጎንበስ አልኩ። ታየች። ተመረጠች። ጫማዬን የማስር መስዬ ነው እንጂ ሆን ብዬ አይደለም። (ይህን የምጽፈው እሷ እንደምታነበው እያወቅሁ ነው። ደብተሩ አሁን ጠረጴዛ ላይ ነው የሚውለው።)

በበጋው አጥሩን ሁለት ቦታ አዛውረነው ነበር። የመጀመሪያው ግራር ጉልበቴ ደርሷል፤ ከጉቶ ያቆጠቆጠው ደግሞ ወገቤ ድረስ ነው። ዛሬ ጎርፍ ወረደ፤ መውረዱ አልቀረም። ግን እንደ ድሮው እየደነፋ ሳይሆን እያነከሰ ነው የመጣው። ማሳዬ ዳር ሲደርስ ጉልበቱ አልቆ ተኛ። ታችኛው ማሽላ እንዳለ ቆሟል። ሄጄ በእጄ ነካሁት።

እትዬ ጌጤ መንገድ ላይ አስቁመውኝ፣ "እህስ በላይ፣ ዛፉ ዝናቡን አስታረቀልን?" አሉኝ።

"እሱን እንጃ እትዬ። ሲመጣ ግን ኮረብታው ጨምድዶ ይይዘዋል፣ አሰገደች የዘይት ጣሳዋን እንደምትይዘው" አልኳቸው።

"እንዲህ ነው እንጂ መማር" አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን አንድ ገጽ እጽፍበት ነበር።

አሁን ውጭው ዶፍ ነው። ኢብሮ ከደጁ ሆኖ "በላይ! ዘነበ እኮ!" እያለ ይጮኻል። ሊነካካኝ ነው።

እኔ የለሁበትም አልኩት።